«4500 ዋት» የሚል ብሌንደር ገዝቼ ተቃጠለብኝ፤ ቀጣዩን ከመግዛቴ በፊት ሐሰተኛውን በምን ልለየው?

የገርጂዋ እናት

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ወር በፊት በቴሌግራም ቻናል ከሚሸጥ ሰው ብሌንደር ገዝቼ ነበር። ካርቶኑ የታወቀ የአውሮፓ ምርት ስም የተጻፈበት፣ ጎኑ ላይ የጀርመን ባንዲራ የታተመበት ሲሆን፣ በትልልቅ ቁጥር «4500 ዋት» ይላል። ዋጋው ቦሌ አካባቢ ባለ ሱቅ ከተነገረኝ ከግማሽ በታች ነበር። ሻጩ «ያለ ቀረጥ ስለገባ ነው» ብሎ አስረዳኝ፤ እኔም አመንሁት። ዕቃው በሞተር ሳይክል ቤቴ ድረስ መጣልኝ፣ ገንዘቡን በቴሌብር ከፈልሁ፤ ደረሰኝ አልተሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሁለት ሳምንት ያህል ለልጄ የተቀቀለ ካሮትና ድንች ስፈጭበት ምንም አላለም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለዳጣ የሚሆን ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ ሳስነሣው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ከሥሩም ጭስ መውጣት ጀመረ። ከሶኬቱ ለመንቀል ስይዘው መሰኪያው ራሱ እጄን እስኪያቃጥለኝ ድረስ ግሎ ነበር። የአንድ ዓመት ተኩል ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። የገንዘቡን ነገር ትቼዋለሁ፤ አስነሥቼው ወደ ሌላ ክፍል ሄጄ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር የሚለው ሐሳብ ግን እስከ አሁን እንቅልፍ ይነሣኛል። ለሻጩ የሆነውን ሁሉ ጻፍሁለት፤ መልእክቱን ካነበበ በኋላ ምንም ሳይመልስልኝ ከቻናሉ አገደኝ።

አሁን ሌላ ብሌንደር ያስፈልገኛል። ለባቄላና ለሥጋ የሚሆን ፕሬሸር ኩከር ለመግዛትም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ዕቃ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ሳስብ ፈራሁ። ሥራ እየሠራሁ ልጅ የማሳድግ በመሆኔ ሱቅ ለሱቅ የምዞርበት ጊዜ የለኝም፤ ከኢንተርኔት መግዛቴ የማይቀር ነው። ማስታወቂያውን በማየት ብቻ ልለይበት የምችለው ነገር ይኖራል? ዕቃው በር ላይ ሲደርስስ፣ አድራሹ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምን ምኑን ልመልከት? አሜሪካ ያለችው እህቴ «ከዚህ ገዝቼ ልላክልሽ» ትለኛለች፤ ይህስ ይሻላል?

ጥቅለላ ቤት

እህቴ፣ አንቺም ልጅሽም በደኅና መትረፋችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ ተመስገን። የእኔ ሥራ የተቃጠለ ሞተር መጠቅለል ነው። የውኃ ፓምፕም፣ የወፍጮ ሞተርም፣ ብሌንደርም ይመጣልኛል፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አንቺ የገለጽሽው ዓይነት ብሌንደር ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም ማለት እችላለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልሽ።

ከሁሉ በፊት ካርቶኑ ላይ ከታተመው ቁጥር እንነሣ፤ ሐሰቱን ያወጀው ራሱ ቁጥሩ ነውና። የእኛ አገር የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 4500 ዋት ለ220 ሲካፈል ከ20 አምፔር በላይ ይሆናል። በወጥ ቤትሽ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ቢበዛ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው፤ ይህም 3520 ዋት ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚስብ ዕቃ ሶኬቱ ላይ ቢሰካ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይ ሶኬቱ ይቀልጣል። በቤትሽ ውስጥ ከፍተኛውን ኃይል የሚስበው ዕቃ የእንጀራ ምጣድሽ ነው፤ እሱም እንደ ስፋቱ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ ለዚህም ሲባል በአግባቡ በተዘረጋ ቤት ውስጥ ወፈር ያለ ገመድና የራሱ ብሬከር ይደረግለታል። ታዲያ በሁለት እጅ ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ገመዱ እንደ ስልክ ቻርጀር የቀጠነ የጁስ መፍጫ ከምጣድ የበለጠ ኃይል ሊስብ የሚችልበት ምክንያት የለም። ለቤት የሚሠራ ደኅና ብሌንደር ከ300 እስከ 1500 ዋት ባለው መካከል ይገኛል፤ ለጁስ ቤት ተብለው የሚሠሩት ጠንካሮቹ ከዚህ በመጠኑ ከፍ ይላሉ። «4500»፣ «6500»፣ «8500» የሚል ቁጥር ያየሽበትን ማስታወቂያ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግሽ እለፊው። እውነተኛ አምራች እንዲህ ያለ ቁጥር አይጽፍም፤ ቢጽፍም ዕቃው በሕግ በሚቆጣጠር አገር ገበያ ላይ ሊቀርብለት አይችልም።

እነዚህን ዕቃዎች ስፈታቸው በውስጣቸው የማገኘውን ልንገርሽ። የሞተሩ ጥቅል ንጹሕ መዳብ አይደለም፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ በምላጭ ጫር ሲደረግ ነጩ ብረት ይታያል። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሥራ ሲበዛበት ቶሎ ይግላል። ደኅና ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ትንሽ መከላከያ ከጥቅሉ ጋር ተያይዞ ይሠራለታል፤ በእነዚህ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም፣ አንዳንዴም ቦታው ተቀርጾለት መከላከያው ሳይገባ ባዶውን ይገኛል። ያንቺ ብሌንደር ሳይቆም እስኪጨስ ድረስ የሠራው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መሰኪያው የጋለው ደግሞ በገመዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ቀጭን፣ ከመሰኪያው ጋር ያለው መያያዣም ልል በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም። በደኅና ዕቃ ገመድ ላይ የሽቦው ስፋት በካሬ ሚሊሜትር (0.75 ወይም 1 ተብሎ) ከሌሎች ፊደላትና ቁጥሮች ጋር በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ታትሞ ይገኛል። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ልሙጥ ገመድ ካየሽ ተጠራጠሪ።

በር ላይ ስትቀበዪ ከካርቶኑ አውጪውና ገልብጠሽ ሥሩን ተመልከቺ። እዚያ የተለጠፈው ሰሌዳ ከካርቶኑ ይልቅ የሚታመን ነው፤ የሞዴል ቁጥር፣ 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ዋት፣ የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስምና አድራሻ ሊኖሩበት ይገባል። ሰሌዳው ከሌለ፣ ወይም በሰሌዳው ላይ ያለው ዋት ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር የማይገናኝ ከሆነ መልሺው። ቀጥሎ ሁለት እጅሽን አስገብተሽ ክብደቱን መዝኚ። መዳብና ብረት ከባድ ናቸው፤ ጠንካራ ነኝ የሚል ዕቃ እንደ ባዶ ጣሳ ከቀለለሽ በውስጡ ያለው ሞተር ትንሽ ነው። ማሰሮውን የምታስቀምጭበትን፣ ኃይሉን ለስለቱ የሚያቀብለውን ጥርስ ንኪው፤ ልሉ ፕላስቲክ ከሆነ ቃሪያ እንኳ ይበላዋል።

ካልረካሽ ደግሞ ቆጣሪሽ ራሱ ይመሰክርልሻል፤ ይህን ብልኃት ለደንበኞቼ ሁሉ አሳያለሁ። በአሁኖቹ ቆጣሪዎች ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ በአጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፣ 1000 ወይም 1600 ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ፍሪጁንም ጭምር፣ አጥፍተሽ ብሌንደሩን ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልተሽ ለአንድ ደቂቃ አስነሺውና ሌላ ሰው ብልጭታውን ይቁጠርልሽ። ቆጣሪው 1000 የሚል ከሆነና በደቂቃ 5 ጊዜ ከበራ ዕቃው የሚስበው 300 ዋት ነው። በእርግጥ 4500 ዋት ቢሆን ኖሮ በዚያችው ደቂቃ 75 ጊዜ መብራት ነበረበት። ውኃ ብቻ ሲሆን ሞተሩ ብዙም ስለማይጫንበት ቁጥሩ በሰሌዳው ላይ ካለው አነስ ቢል አያስደንግጥሽ፤ የምትፈልጊው ልዩነቱ የአሥር እጥፍ አለመሆኑን ነው።

አንድ ነገር ግን በእውነት ልናገር ይገባኛል፦ ኦሪጅናሉም ቢሆን ያለ ዕረፍት አይሠራም። ብዙዎቹ የቤት ብሌንደሮች በተከታታይ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዳይሠሩ ተደርገው የተነደፉ ናቸው፤ ይህም በመመሪያው ላይ ይጻፋል። ወፈር ያለ ዳጣ ስትፈጪ ውኃ ወይም ዘይት ጨምሪበት፣ እያቋረጥሽ አስነሺው።

የፍራንክፈርት ነዋሪ

ከላይ የተጻፈው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እኔ በጀርመን የምኖር በመሆኔ «የጀርመን ምርት» ስለሚባለው ነገር ብቻ ልጨምር።

ከኢትዮጵያ ዘመዶቼ በየጊዜው ፎቶ እየላኩ «ይህ የጀርመን ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ በብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ የማየው ስም ሲልቨርክረስት ነው። ይህ ስም ራሱን የቻለ የፋብሪካ ስም አይደለም። ሊድል የሚባለው የጀርመን ሱፐርማርኬት ለራሱ መደብሮች በተለያዩ አምራቾች እያሠራ የሚሸጥበት የንግድ ምልክት ነው። ሊድል መደብሮች ያሉት በአውሮፓና በአሜሪካ ሲሆን በአፍሪካ መደብር የለውም። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ በብዛት፣ በአዲስ ካርቶን፣ በየቻናሉ የሚቀርበው ዕቃ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። እውነተኛው ዕቃ በሰሌዳው ላይ የሊድል መለያ ቁጥርና ዕቃውን ገበያ ላይ ያዋለው ድርጅት ስም ከነከተማው ይጻፍበታል፤ እዚህ ሲሸጥም ብዙውን ጊዜ የሦስት ዓመት ዋስትና አለው። የወጥ ቤት ዕቃዎቹ በአብዛኛው ቻይና የተሠሩ ናቸው፣ ይህም በግልጽ ይጻፋል። ስለዚህ «ቻይና ተሠራ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም፤ ይልቁንም በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ የጀርመን ባንዲራና «ጀርመን ተሠራ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ሲታተም ነው ልንጠራጠር የሚገባን።

ብዙ ሰው የሚታለልበት ሌላው ነገር የሲ.ኢ. ምልክት ነው። ይህን ምልክት አንድ መሥሪያ ቤት መርምሮ የሚሰጠው አድርገን እናስባለን። ለብሌንደርና ለመሰል ዕቃዎች ግን አምራቹ ራሱ «የአውሮፓን ሕግ አሟልቻለሁ» ብሎ በራሱ ኃላፊነት የሚያደርገው ምልክት ነው፤ ስለዚህ አስመስሎ ለሚሠራ ሰው ማተሙ አይከብደውም። በትክክለኛው ምልክት ፊደላቱ ከክብ ቅርጽ የተወሰዱ ሆነው በመካከላቸው ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፣ ቁመታቸውም ከ5 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም፤ ተጠጋግተው የተጻፉ ከሆነ ጥርጣሬ ያሳድራል። ጠባቡ ምልክት «ቻይና ኤክስፖርት» ማለት ነው እየተባለ የሚነገረውን እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሕጋዊ ምልክት ግን የለም። ከሲ.ኢ. ይልቅ ክብደት የምሰጠው ለጀርመኑ የጂ.ኤስ. ምልክት ነው፤ እሱን የሚሰጠው ገለልተኛ ላቦራቶሪ ሲሆን የላቦራቶሪው ስም፣ ለምሳሌ ቱፍ፣ ከምልክቱ ጋር አብሮ ይታያል።

ምግብ ለሚነካው ማሰሮ ደግሞ የብርጭቆና የሹካ ምስል ያለበትን ምልክት ፈልጉ፤ ቁሱ ምግብ እንዲነካ ታስቦ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ለሕፃን ምግብ ለሚፈጭ ሰው ይህ ከሞተሩ እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ አዲስ ማሰሮ በሙቅ ውኃ ከታጠበ በኋላም ስለታም የፕላስቲክ ሽታ የማይለቀው ከሆነ ለልጅዎ ምግብ እንዳይጠቀሙበት እለምንዎታለሁ።

የመርካቶ ነጋዴ

የወጥ ቤት ዕቃ በመሸጥ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ሱቄ መርካቶ ነው፣ የቴሌግራም ቻናልም አለኝ። ጥያቄውን ሳነብ አፍሬአለሁ፣ አዝኛለሁም፤ አንዲት እናት ተታልላ በታገደች ቁጥር የእኛም የሐቀኞቹ ስም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚሰማውን «ከቴሌግራም አትግዙ» የሚል ምክር ግን አልቀበለውም። ሰው ሊመረምረው የሚገባው ቻናሉን ሳይሆን ከቻናሉ ጀርባ ያለውን ሻጭ ነው።

በመካከላችን የሚነገረውን በግልጽ ልናገር። አስመጪዎች ከውጭ አንድን ዕቃ በተለያየ ደረጃ ያዝዛሉ፤ ቅርጹ አንድ ይሆንና ውስጡ እንደ ዋጋው ይለያያል። ካርቶኑና ስሙ ደግሞ ለብቻው የሚታተም ነገር ነው፤ አንዱ ዕቃ በሦስት ስም ሲሸጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ደንበኛ «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ከዚህ ይልቅ «የሥሩን ሰሌዳ በቪዲዮ ቅረጽልኝ፤ ስትቀርጽም የዛሬውን ቀንና ስሜን ወረቀት ላይ ጽፈህ ከጎኑ አስቀምጥልኝ» በሉት። ዕቃው በእጁ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ከኢንተርኔት የወሰደውን ፎቶ ብቻ የለጠፈ ሰው ግን ምክንያት ይደረድራል፣ ወይም «ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ቶሎ ወስኚ» እያለ ያጣድፋል። ፎቶውን ራሱ በጎግል ሌንስ ብትፈልጉት በሌላ አገር ገጽ ላይ ተለጥፎ ልታገኙት ትችላላችሁ።

«ያለ ቀረጥ ስለገባ ነው የረከሰው» የሚለው አነጋገር ሁለት ነገር ይነግራችኋል። አንደኛ፣ እውነት ከሆነ ዕቃው የኮንትሮባንድ ነው፤ ሰውየው ሕጋዊ ደረሰኝ ሊሰጣችሁ አይችልም፣ ነገም አታገኙትም። ሁለተኛ፣ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ለርካሽ ዕቃ የተፈጠረ ሰበብ ነው። በሁለቱም ብትሄዱ ጥቅሙ ለእናንተ አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት የሱቁን አድራሻና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ጠይቁ፤ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ባዘጋጀው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ፈቃዱ ያለና የታደሰ መሆኑን ማየት ይቻላል። በሉት ደግሞ፦ «ዕቃው ቤቴ መጥቶ፣ ከፍቼ ዐይቼ፣ ሰክቼ ካስነሣሁት በኋላ ነው የምከፍለው።» እኔ ለአድራሾቼ አሥር ደቂቃ እንዲጠብቁ ነግሬአቸዋለሁ፤ ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ስለ ፕሬሸር ኩከሩ፣ እህቴ፣ መፍራትሽ ተገቢ ነው፤ እኔም ሐሰተኛ ሊሆን የሚችለውን ከሱቄ ካወጣሁ ቆይቻለሁ። ደኅናው ቢያንስ ሁለት የእንፋሎት መውጫ አለው፦ አንዱ ሲበስል የሚያፏጨው፣ ሌላው የመጀመሪያው ቢደፈን የሚከፈተው የአደጋ ጊዜ መውጫ። ክዳኑ በውስጡ ግፊት እያለ በጉልበት ቢሞከር እንኳ የማይከፈት መሆን አለበት። ገዝተሽ ስትወስጂ መጀመሪያ ምግብ ሳትጨምሪ ሲሶውን ውኃ ብቻ ሞልተሽ አፍዪው፤ በጎማው ዙሪያ እንፋሎት ካመለጠ ወይም ዋናው መውጫ ሳያፏጭ ከቆየ እሳቱን አጥፊና ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አትንኪው። ምግብ ስትሠሪም ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙዪ፤ ባቄላና ሽምብራ አረፋ ስለሚያወጡ መውጫውን እንዳይደፍኑ ከግማሽ አይለፉ። ሌላው ትልቁ መለያ መለዋወጫ ነው፤ ጎማው ሲያረጅ የሚተካው የዚያው ሞዴል ጎማ ከተማ ውስጥ የማይገኝለትን ዕቃ ባትገዢው እመርጣለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እህትዎ ከአሜሪካ ልላክ ስላለችው ጉዳይ፣ እኔም ሜሪላንድ የምኖር እንደመሆኔ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ለእናቴ ከዚህ የላክሁት ድንቅ ብሌንደር አዲስ አበባ በተሰካ በመጀመሪያው ቀን ተቃጠለ። ሐሰተኛ ስለነበር አይደለም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። እዚህ ለገበያ የሚቀርቡት ሞተር ያላቸው የወጥ ቤት ዕቃዎች በአብዛኛው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ኃይላቸውን የሚችል ከባድ ትራንስፎርመር ካልተገዛላቸው በስተቀር ለቤትዎ አይሆኑም። የመሰኪያ መለወጫ ብቻ መጠቀም ቮልቱን አይለውጥም።

ከዚህም በላይ «አሜሪካ ሐሰተኛ ዕቃ የለም» የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በታወቁ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ከሦስተኛ ወገን ሻጮች ከገዛቸው 47 ዕቃዎች መካከል 20ዎቹ ሐሰተኛ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከተገዙት ውስጥ የሻይና የቡና መያዣ ኩባያዎች ይገኙበት ነበር። ብዙ ሰው ገጹ የትልቅ ድርጅት ስለሆነ ሻጩም ድርጅቱ ይመስለዋል። ነገር ግን «የሚልከው» እና «የሚሸጠው» ተብለው በሁለት መስመር የሚጻፉት የተለያዩ ናቸው፤ ዕቃው ከትልቁ ድርጅት መጋዘን ቢወጣም ሻጩ ማንም የማያውቀው ግለሰብ ሊሆን ይችላል። ከሰኔ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የፌዴራል ሕግ፣ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 200 ሽያጭና 5000 ዶላር ያለውን ሻጭ ገበያዎቹ ማንነቱን እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል፤ ዓመታዊ ሽያጩ 20000 ዶላር የደረሰውም ስሙና አድራሻው ለገዢ እንዲታይ ያዝዛል። እዚህ ላላችሁ ወገኖቼ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የሻጩን ስም ተጭናችሁ ያንን አድራሻ አንብቡ፤ ዩ.ኤል. የተባለው የዕቃዎችን ደኅንነት የሚፈትሽ የአሜሪካ ድርጅት ምልክት ያለበትን ዕቃም የሞዴል ቁጥር በድርጅቱ የመረጃ ቋት ውስጥ ፈልጉት። የእኛ ሶኬት 15 አምፔር በ120 ቮልት፣ ማለትም 1800 ዋት ነው፤ ጥቅለላ ቤት ያስተማረን ስሌት እዚህም ይሠራል።

ለእርስዎ ግን እህትዎ ዕቃውን ከምትልክ ገንዘቡን ብትልክልዎና እዚያው ከታመነ ሱቅ ቢገዙ ይሻላል።

ዴይራ

ዱባይ ለምትገኙ እህቶቼ አንድ ቃል ብቻ። ወደ አገር ስንገባ ዕቃ ተሸክመን እንገባለን፣ የዓመታት ድካማችን ነው። እዚህ ያለው ኤሌክትሪክ 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ ለአገራችን ይስማማል፤ የሚለየው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያው ብቻ ነው። ስትገዙ ዕቃው የባሕረ ሰላጤው አገሮችን የደኅንነት መመሪያ ማሟላቱን የሚያሳየውን የጂ ምልክት ከነካሬ ኮዱ (ኪው.አር.) ፈልጉ፣ በስልካችሁም ኮዱን አንብቡትና የሚከፈተው መረጃ ከዕቃው ሞዴል ጋር መመሳሰሉን እዩ። እጅግ በረከሰ ዋጋ ጎዳና ላይ ተከምሮ ከሚሸጠው ተጠንቀቁ፤ እኔ የገዛሁት የቡና መፍጫ ደሴ ደርሶ አንድ ስኒ ቡና ሳይፈጭ ቀረ።

አንድ የሕግ ባለሙያ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ የተገኘበት ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በ15 ቀን ውስጥ ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መብት በተግባር የሚሠራው ግን ግዢውን የምታስረዱበት ማስረጃ ሲኖር ነው። ጠያቂዋ ደረሰኝ ባይኖራትም የቴሌብር ክፍያው መልእክት፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፈችውና የማስታወቂያው ምስል ማስረጃ ናቸው፤ ስላገዳት እንዳትሰርዛቸው። እነዚህን ይዛ በወረዳዋ ወይም በክፍለ ከተማዋ የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ትችላለች። አቤቱታዋ የራሷን ገንዘብ ባያስመልስላት እንኳ፣ ስለ ተመሳሳይ ሻጭ የሚመጣው ሁለተኛው አቤቱታ ብቻውን እንዳይቆም ያደርጋል።

የገርጂዋ እናት

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ምክራችሁን ካነበብሁ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ።

አቤቱታዬን ከነማስረጃው ለክፍለ ከተማው አስገብቻለሁ። ብሌንደሩን በተመለከተ፣ ለአራት ሻጮች የሥሩን ሰሌዳ በቪዲዮ እንዲልኩልኝ ጽፌ ነበር። አንዱ መልስ አልሰጠኝም፣ አንዱ «ካላመንሽኝ ተይው» አለኝ፣ ሦስተኛው የላከልኝ ሰሌዳ ላይ ቮልቱ እንጂ የአምራቹ ስም የለም። አራተኛው ስሜን ወረቀት ላይ ጽፎ ላከልኝ፣ የሱቁን አድራሻና መለያ ቁጥሩንም ሰጠኝ። ዋጋው ከመጀመሪያው በእጥፍ ይበልጣል፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን 600 ዋት ብቻ ነው። ከወር በፊት ቢሆን ኖሮ «ይህማ ደካማ ነው» ብዬ አልገዛውም ነበር።

ዕቃው ሲመጣ አድራሹ ቡና እየጠጣ ጠበቀኝ። የእኛ ቆጣሪ 1600 የሚል ሆኖ ተገኘ፤ ባለቤቴ ቆጣሪው ዘንድ ቆሞ፣ እኔ ካሮትና ውኃ ጨምሬ አስነሥቼው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 11 ብልጭታ ቆጠረ። ስናሰላው 400 ዋት አካባቢ ሆነ። ጥቅለላ ቤት እንደጻፉት ጭነቱ ቀላል ስለነበር ከ600 ማነሱ ትክክል ይመስለኛል። መሰኪያውን ነቅዬ በጉንጬ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ገንዘቡን ከፈልሁ፣ የማሽን ደረሰኙን ተቀብዬ ዘይቱ እንዳይነካው በፕላስቲክ አድርጌ ከመመሪያው ጋር አስቀመጥሁት። ፕሬሸር ኩከሩን ጎማው የሚገኝለትን እስካገኝ ድረስ አቆይቼዋለሁ።

የተቃጠለውን ለቆራሌው ልሰጠው ነበር። ኋላ ግን አንድ ሰው አጥቦ፣ ጥቂት ጠጋግኖ፣ በዚያው ካርቶን መልሶ ሊሸጠው እንደሚችል አሰብሁና ገመዱን ከሥሩ ቆርጬ፣ ካርቶኑንም ቀድጄ ነው የሰጠሁት።

ጥቅለላ ቤት

ገመዱን መቁረጥሽ በጣም ጥሩ ነው፤ ሞተሩን ግን ሳትሰጪው ብታመጪልኝ ኖሮ ፈትቼ አሳይሽ ነበር። ሌላ ሰው የተቃጠለበት ካለ ከመጣሉ በፊት ያምጣልኝ፤ ያለ ክፍያ ከፍቼ ጥቅሉን አሳየዋለሁ፣ ፎቶውንም እዚሁ እለጥፈዋለሁ።